ይታገሱ

ነገሩ ሞላሌ፣ ጉም ደጅ ’ሚጠናበት፣
እኔ መዝገብ ቤቱን በቁልፍ የያዝኩበት።
አንድ ልብስ ሰፊ አለ፣ ስሙ ይታገሱ፣
በክርም አይቸኩል፣ በነገርም እሱ።
አንዲት ቴሌቪዥን አለችው፣ ጥቁርና ነጭ ናት፣
ሰኔ በመጣ ቁጥር ሃምሳ ብር ከፍሎላት፣
ደረሰኙን በክር፣ እንደ በርበሬ ዛላ፣
ሰቅሎታል ግድግዳው ላይ፣ ዓመት ከዓመት ኋላ።

ጎረቤቱማ ዘዴ ያውቃል፤
ነጩ ላንድሮቨር ሰላ ድንጋይን አለፈ ሲባል
አንቴናው ከባሕር ዛፉ ዘንግ ይወርዳል፣
ቴሌቪዥኑ ጎታ ይገባል፣ ገብስ ይለብሳል፣
ያን ማታ ዜና አንባቢው ገብስ ውስጥ ያድራል።

አንድ ማክሰኞ ይታገሱ ማመልከቻ ይዞ መጣ።
ቴምብር የተለጠፈበት፣ አንድ ገጽ ብቻ፣
እጅ ጽሑፉ እንደ ስፌቱ ቀጥ ያለ፦
«ተቆጣጣሪው ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ወጣ?
ስንት ቤት አንኳኳ? በየትኛው ሰፈር?
ለማወቅ ያህል ነው። የከፈልኩበት ነገር ነውና።»

ኃላፊያችን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።
«ምን ሊሠራበት ነው?» አለ።
«ቀኑን ብንነግራቸው ቀን ይመርጡብናል፣
ቤቱን ብንቆጥርላቸው ያልተቆጠረው ይበዛብናል።
ጻፍ!»
ጻፍኩ።
«ፈ» ፊደሏ በተሰበረች የታይፕ መኪና፣
«ፈቃድ» በመጣ ቁጥር በእስክሪብቶ እየሞላሁ፦
«የጠየቁት መዝገብ ቢገለጥ
ሕዝቡን ከክፍያ መሸሻ መንገድ የሚያሳይ ስለሆነ
ለጊዜው ይታገሱ።»
ስሙን ነው የጻፍኩት ወይስ መልሱን? እኔም አልለየሁ።
ከላይ ይታገሱ፣ ከታች ይታገሱ፣
መሐሉን ሐምራዊ ማኅተም ሸፈነው።
አነበበው። አራት ቦታ አጠፈው፣
እንደ ጨርቅ፣ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥሞ።
«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ።

የዚያን ሌሊት የማደር ተራው የእኔ ነበር።
ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ክሩ የላላ ፋይል።
ፋኖሱን አስጠጋሁ።

መስከረም፦ በጉም ምክንያት አልተወጣም።
ኅዳር፦ የነዳጅ ወረቀት አልተፈረመም።
ጥር፦ ተቆጣጣሪው እኅቱን ሊድር ሄዷል።
መጋቢት፦ ጉም።
ግንቦት አሥራ አንድ፦ ተወጥቷል።
የታየ ቤት፣ አንድ። ባለቤት፣ ይታገሱ። ሁኔታ፣ ከፍሏል።
ሐምሌ፦ ጉም።
ነሐሴ፦ ጉም፤ ጭቃም አለ።

ይኸው ነው ምሥጢሩ፣ ቁልፍ የዞረበት፣
ዓይን ነው ያልነው ሁሉ ጉም የሰፈረበት።
ደግሞስ ማን ጠየቀን? ገብስ የሚያለብሰው
ሳያነብ ነው እኮ መሸሻ ’ሚያውቀው፤
ደጃችን የመጣው ከፋዩ ብቻ ነው።

እንዲህ ብዬ በኃላፊው ልስቅ ነበር።
ሰኔ መጣ።
እኔም ቴሌቪዥን ነበረችኝ፣ ከደብረ ብርሃን
በጭነት መኪና ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ የመጣች።
ሃምሳ ብሬን ቆጠርኩ።
ግንቦት አሥራ አንድ ትዝ አለኝ። አንድ ቤት።
ብሩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።
ሰውዬው እውነቱን ነበር ለካ፦
መዝገቡን ያየ ይሸሻል።
በሞላሌ ያየሁት እኔ ብቻ፣
አይቶ የሸሸውም እኔ።

ጥቅምት ላይ፣ ብርዱ አጥንት ሲቆጥር፣
ኮት ላሰፋ ሄድኩ።
ሜትሩን በደረቴ አዞረ፤ በከንፈሩ መርፌ ነክሷል።
ከጀርባው አሥረኛዋ ደረሰኝ፣
ቀለሟ ገና ያልደበዘዘ፣ ከዛላው ጫፍ ተንጠልጥላለች።
እሷን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።
መርፌውን ከከንፈሩ አወጣ።
«የቁልፉን ኪስ በውስጥ ላድርግልዎ በውጭ?»
«በውስጥ» አልኩት።
«መቼ ልምጣ?»
ክሩን በጥርሱ በጠሰ።
«ይታገሱ» አለኝ።